ከኮርኒሱ በላይ ያለው ጭድ

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አለቃዬ ኢንጂነር ደሳለኝ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢና አንድ ጥራዝ ቅጽ ሰጡኝ። "ያንቺ ፊርማ ለባለቤቱ ሶላር ማለት ነው፤ ስትፈርሚ እጅሽ አይፍጠን" አሉኝ።

ፕሮግራማችን አዲስ ቤት የሚሠራ ገበሬ ብርድ የማያስገባ፣ ማገዶ የሚቆጥብ ቤት እንዲሠራ ያበረታታል። ግድግዳው ወፍራም የአፈር ብሎክ፣ ኮርኒሱ በላዩ ጭድ የተሞላ፣ ምድጃው ጭስ ማውጫ ያለው መሆን አለበት። መስፈርቱን ላሟላ ሶላርና የወለል ሲሚንቶ በነጻ ይሰጠዋል። አሟልቷል ብዬ የምፈርመው እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ወር ከኢንጂነሩ ጋር ቋሪት፣ የመሪጌታ ስሙርን ቤት ልንፈትሽ ሄድን። በማግስቱ እንግዶች መጥተው ሊመርቁት ነበር፤ ሶላሩ ከመኪና ወርዶ በር ላይ ተቀምጧል። ግድግዳው በቱንቢ ቀጥ ያለ ነው። ከቅጹ የቀረው "ምድጃው ተሞክሯል?" የሚለው ብቻ። እሱን እስከዚያ ቀን ድረስ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በዓይኔ ብቻ አይቼ ነበር የምሞላው።

የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ የሺ ደረታቸውን ያማቸዋል። "ልጄ፣ ጭሱ እውነት ይወጣል?" ብለው ጠየቁኝ።

"እናንድደው" አልኩ።

ኢንጂነሩ ሰዓታቸውን አዩ። "ፈርሚና እንሂድ፤ ነገ እንግዶቹ ፊት ይነዳል።"

"ትንሽ ይታገሡኝ።"

ጭሱ ደህና ወጣ። ወይዘሮ የሺ ፈገግ አሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን የጭድ ቃጠሎ ሸተተኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን ገፋ ሳደርግ ቧንቧው ጭዱን ነክቶት፣ ዙሪያው ጠቁሮ ይጤሳል። በንድፉ መሠረት ሁለቱን የሚለይ የጭቃ ቀለበት መኖር ነበረበት። ግንበኛው ዘሎታል።

"ውሃ!" ብዬ ጮህኩ። መሪጌታ ጋቢያቸውን ጥለው ባልዲ አቀበሉኝ። ጭዱን እየጎተትኩ ወደ ታች ስጥል ኢንጂነሩ በጫማቸው ረገጡት። ጠፋ።

"ነገ ተመርቆ ከነገ ወዲያ ሊነድ ኖሯል" አሉ መሪጌታ።

እኔን ግን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያ ግንበኛ የሠራቸውን ሦስት ቤቶች ሳላነድ ፈርሜያለሁ። ለኢንጂነሩ ነገርኳቸው። ፊታቸው ልውጥ አለ።

"ምርቃቱ ይቅር። አሁኑኑ እንሂድ።"

መንገዱ አላልቅ አለኝ። ሁለቱ ቤቶች ምድጃውን ገና አልጀመሩትም ነበር፤ ቧንቧውን ነቀልን። ሦስተኛው ቤት ስንደርስ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደጅ ላይ በሦስት ጉልቻ ያበስላሉ።

"ምድጃውስ?" አልኳቸው።

"መቃጠል መቃጠል ሲሸተኝ ተውኩት።"

"ለምን አልነገሩንም?"

"አንቺ ፈርመሽ የለ? እኔው ነኝ ያላወቅሁበት ብዬ ነዋ።"

ኮርኒሱን ስንከፍት ጭዱ ከስሏል፤ አንዱ ማገርም ጠቁሯል። አንገቴን ደፍቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ክረምቱ ሳይገባ የአራቱንም ቤቶች ኮርኒስ አፍርሰን ቀለበቱን አበጀን። ዛሬ አዳዲስ ተቆጣጣሪዎችን አሠለጥናለሁ። ምድጃው ነድዶ፣ ኮርኒሱ ተከፍቶ ሳይታይ አይፈረምም። ባለቤቱ ከገዛ አፍንጫው ይልቅ ፊርማችንን ያምናል።