ውርጬ

እናቴን ሠፈሩ ሁሉ «ውርጬ» ነበር የሚላት። እጇ በጠራራ ፀሐይ እንኳ አይሞቅም። አባቴ በሕይወት ሳለ፣ «በበጋ ያገባኋት ወድጄ መሰላችሁ?» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ያ እጅ ነው ያሳደገኝ። የሠፈራችን ሴቶች ፍሬው ቅቤ ከሚወጣው ከሺአ ዛፍ ሥር የወደቀውን ለቅመው፣ አስኳሉን ቆልተው ያስፈጩታል። ከዚያ ቡናማውን ሊጥ ቅቤው ነጥቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ በውሃ ማሸት ነው። ሊጡ ከሞቀ እምቢ ይላል። ስለዚህ ክንዳቸው ሲዝል መጨረሻውን ለእናቴ ይለቁላታል። እሷ ዛፍ የላትም፤ አባቴ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ወስደውታል። ከየገንዳው አንድ አንድ ቅል ቅቤ ይሰጧታል። ማንም አስቦ ያወጣው ነገር አይደለም፤ እንዲሁ የኖረ ልማድ ነው።

በኋላ ቅቤውን የሚገዛን ድርጅት ሴቶቹ እንዳይበዘበዙ ብሎ ደንብ አመጣ። ክፉ አላሰበም። እያንዳንዷ የራሷን ፍሬ በራሷ ገንዳ፣ በራሷ እጅ እንድታሽ አዘዘ። ፍሬ የማታመጣ አምራች አይደለችም።

«እኔ ታዲያ ምን ልባል ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም አይባሉም፣ እትዬ። የድርጅቱ ሰዎች ሊጎበኙን ሲመጡ ብቻ ዘወር ይበሉልን» አለቻት የማኅበሩ ሊቀመንበር። ማሸት ያስተማረቻት እናቴ ናት፤ አራስ ሆና የተኛች ጊዜም ያረሰቻት እሷው ናት።

ጎብኚዎቹ የመጡ ቀን እኔና እናቴ ጆንያ ክፍሉ ውስጥ ተደበቅን። በሩ ገርበብ ብሏል። ሊቀመንበሯ ካሜራ ፊት ብቻዋን ታሻለች። ሐሩር ነበር፤ ሊጡ እንደ ጭቃ ተለጠጠ እንጂ አልነጣም። እናቴ ድምፁን እየሰማች ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች።

«ልታበላሸው ነው።»

«ተይ፣ እማዬ።»

«የዓመት ልፋቷ እኮ ነው፣ ልጄ!»

ወጣች። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ነከረች። ብዙም ሳይቆይ ቅቤው ነጥቶ ከፍ አለ።

ከጎብኚዎቹ አንዷ ደስ ብሏት፣ «የእሳቸው ገንዳ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀች።

ሴቶቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ሊቀመንበሯ ግን ቀና ብላ፣ «ጎረቤት ናቸው። ሊጠይቁን ብቅ ብለው ነው» አለች።

«እንዴት ያሉ ደግ ጎረቤት!»

«አዎ፣ ጎረቤት ነኝ» አለች እናቴ።

ሌላ ጊዜ እጇ ላይ የቀረውን ቅቤ ለእኔ ፊት ነበር የምትቀባው። ያን ቀን በሳሙና ፈትጋ አጠበችው። ወደ ገንዳው አልተመለሰችም፤ የሰው ልብስ እያጠበች ኖረች። በረኪናው መዳፏን ሰነጣጠቀው እንጂ አላሞቀውም።

የሞተች ቀን ማለዳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። እንደ ወትሮው ነበር። ቶሎ ያልገባኝ ለዚህ ነው።