ከዜሮ በታች የጠፉት ቁጥሮች

በደብረ ማርቆስ ስለ ስልክ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ልታይ ልታይ ስለምወድ አይደለም፤ ቆጥሬ ስላየሁ ነው። ምሰሶ የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ ፕሮግራም የሚጽፉም አሉ። ምሰሶውንም የወጣ ፕሮግራሙንም ያረመ ግን አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። ዲፕሎማ የለኝም፤ ያቆምሁት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ዛሬ ግን በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነጻ አውርደው በሚጠቀሙበት የስልክ ማዞሪያ ፕሮግራም ውስጥ፣ ያረሙት ሰዎች በተዘረዘሩበት ፋይል፣ የእኔም ስም ሰፍሯል። የተጠራጠረ ከፍቶ ይይ።

ወደ ስልክ ሥራ የገባሁት በጉድጓድ ነው። የመጀመሪያ ቀኔን የዋልሁት በይጁቤ መንገድ የምሰሶ ጉድጓድ ስቆፍር ነው። ፎርማኑ በዘንግ ለክቶ «እስከዚህ» አለኝ። «ለምን እስከዚህ?» አልሁት። «ቆፍር ስትባል ቆፍር» አለኝ። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ጋደም ሲሉ እኔ መሬት ላይ የተጋደሙትን ምሰሶዎች በዚያው ዘንግ ለካኋቸው። የጉድጓዱ ጥልቀት የምሰሶው ስድስተኛ እጅ ነበር። ለፎርማኑ ስነግረው «ማን ነገረህ?» አለኝ። «ምሰሶው» አልሁት። ከዚያ ቀን በኋላ ዘንጉን እኔ ያዝሁ።

ከጉልበት ሠራተኛ ወደ መስመር ሠራተኛ፣ ከመስመር ሠራተኛ ወደ ቴክኒሻን ከፍ አልሁ። ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ የትምህርት ወረቀት ይጠይቅ ነበርና ቴክኒሻን እንደሆንሁ ጡረታ ወጣሁ። ከእኔ በላይ የነበሩት ባለ ወረቀቶች መስመር ሲበላሽባቸው ግን እቤቴ ድረስ ይደውሉልኝ ነበር።

ፕሮግራም የተማርሁት ከጡረታ በኋላ ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ፕሮግራም ውስጡ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ማንም ያርመዋል። የስልክ ማዞሪያውን ፕሮግራም ሙሉ ጽሑፍ በፍላሽ ይዤ ማተሚያ ቤት ሄድሁ። የምታትመው ልጅ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይታ፣

«አባቴ፣ ይህ ድግምት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ፤ ሰው የሌለበትን ቦታ የሚያናግር» አልኋት። አስጠርዤ ወሰድሁት።

ያነበብሁት በልጅነቴ ዳዊት በተማርሁበት መንገድ ነው። የኔታ መጀመሪያ በቁጥር ያስነብቡን ነበር፤ ፊደል በፊደል፣ በዘንግ እየነኩ፣ ድምፅ አውጥቶ። የሚያነብ ሰው የሚያውቀውን ቃል ይዘልላል፤ በቁጥር የሚያነብ ግን መዝለል አይችልም። እኔም ፕሮግራሙን አንዲት ነጥብ ሳልዘልል በቁጥር አነበብሁት። ኮምፒውተር የተማሩ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አቶ ደሴ በከተማችን የአንድ አምቡላንስ ጥሪ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ክፍሉ አራት የመዳብ የስልክ መስመሮች አሉት። ከይጁቤም ይሁን ከሮብ ገበያ፣ ምጥ ለያዛት፣ ገደል ለገባ፣ ሁሉም እዚያ ይደወላል። ጥሪውን የምትቀበለው ሲስተር ይታይሽ ናት፤ እጇ የፈጠነ፣ ምላሷ የሰላ አዋላጅ ነርስ። ማዞሪያውን በዚያ ነጻ ፕሮግራም የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኜው ሁለት ዓመት ያለ እንከን ሠራ።

ከዚያ መብራት እየሄደ እየመጣ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። በምትኩ መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር ተገዛች፤ መብራት ቢጠፋ በመኪና ባትሪ ትውላለች። ፕሮግራሙን ያንኑ፣ ቅንብሩንም ያንኑ ጫንሁባት። ቀኑ ሰኞ ነበር። ስልኩ ጠራ፣ ሲስተር አነሳች፣ አወራች። «አለቀ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ይህ ሳጥንዎ የያዘውን አይለቅም። አራቱም መስመር ተይዟል ይላል፤ እኔ ግን ብቻዬን ቁጭ ብያለሁ።»

«ሰው እያወራ ይሆናል» አልኋት።

«ከማን ጋር? ከግድግዳው ጋር?»

ሄጄ አየሁ፤ እውነቷን ነበር። በእኛ የመዳብ መስመሮች ደዋዩ ሲዘጋ ለማዞሪያው የሚደርስ ምልክት የለም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው በጸጥታው ነው፤ ሃያ ሰከንድ ከደዋዩ በኩል ድምፅ ካልሰማ «ሰውየው ሄዷል» ብሎ መስመሩን ይለቃል። ትንሿ ኮምፒውተር ግን ሁሉም ከሄደ በኋላ ድምፅ እሰማለሁ እያለች አራቱንም መስመር ይዛ ቁጭ ብላለች። በዚያ ሰዓት ሚስቱን ምጥ የያዘበት ሰው ቢደውል የሚሰማው «ተይዟል» የሚለውን ቱ ቱ ብቻ ነው።

አቶ ደሴ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጋሽ አንተነህ፣ አክብሬዎት ነው ዝም ያልሁት። ቀድሞ በአንዲት ሞባይል ስንሠራ ቢያንስ ስትያዝ ማን እንደያዛት እናውቅ ነበር። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሁሉንም ነቅዬ ወደ ሞባይሏ እመለሳለሁ።»

«አንዲት ሞባይል ለስንት ወረዳ ትበቃለች?» አልኋቸው።

«የማትበቃ ሞባይል ከማይለቅ ሳጥን ትሻለኛለች።»

ይህን ሰምቼ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። እዚያው ተቀምጬ የጸጥታውን ልክ ከፍ አደረግሁት፤ ይኸውም ፕሮግራሙ ትንሽ ድምፅን እንደ ዝምታ እንዲቆጥር ማለት ነው። ሞከርሁት፤ ለቀቀ። ደግሜ ሞከርሁት፤ ለቀቀ። ለአቶ ደሴ «ሌላ ችግር ካለዎት ያምጡ» ብያቸው ወጣሁ። ባጃጅ ላይ አብረውኝ ለተሳፈሩትም ነገርኋቸው።

ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሲስተር ይታይሽ ደወለች። «ጋሼ፣ ይምጡ» አለችና ዘጋችው። ሌላ ቃል የለም። ሲስተር ይታይሽ በአጭሩ ከተናገረች ነገር አለ።

እናኑ የምትባል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ሥር ባለ ቀበሌ ትሠራለች። ያን ቀን እቤቷ የወለደች አንዲት እናት ደም አልቆም ብሏት፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ምን ላድርግ ብላ ደወለች። ሲስተር ይታይሽ መምራት ጀመረች። መሃል ላይ ስልኩ ተቆረጠ። እናኑ ደግማ ደወለች፤ ተቆረጠ። ሦስተኛ ደወለች፤ እሱም ተቆረጠ። አምቡላንሱ ከመጀመሪያው ጥሪ ጋር ተነስቶ ስለነበር እናትየዋ ሆስፒታል በሕይወት ደረሰች።

«ሦስት ጊዜ!» አለችኝ ሲስተር፣ ሦስት ጣቶቿን ዓይኔ ሥር አምጥታ። «ሆዷን ከላይ እያሸሽ ብዬ፣ እስኪጠነክር ድረስ ሳልል፣ ቱ ቱ ቱ! ጋሼ፣ ሴትዮዋ ብትሞት ማን ገደላት ይባል ነበር?»

«እናኑ ዝም ብላ ይሆናላ» አልሁ።

«ምን ትበል? ተናጋሪዋ እኔ፣ ሰሚዋ እሷ! እየሰማች እህ፣ እህ ትለኝ ነበር።»

«እህ» ስትል አየሩን ወደ ውስጥ ሳበችው፤ ሁላችንም እንደምናደርገው። እኛ እየሰማን ነው ለማለት ቃል አናወጣም፤ ትንፋሽ እንስባለን። አስተዋይ ሰው የሚናገርን አያቋርጥም። እኔ ልኩን ከፍ ሳደርግ ያንን ትንፋሽ ከዝምታ ቆጥሬዋለሁ። ማሽኑ የእናኑን «እህ» አልሰማም፤ ሃያ ሰከንድ ቆጥሮ ቆረጣት።

ስህተቱ የእኔ ነበር። የፕሮግራሙን ሕመም ሳልነካ ልኩን ብቻ ገፍቼ «ጠገንሁ» አልሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ የሠራ ሰው ሳይ ስወቅስ ኖሬያለሁ።

ወዲያው ጸጥታ መቁጠሩን ጨርሶ አጠፋሁትና መስመር የመልቀቁን ሥራ ለራሴ ሰጠሁ። ከሲስተር ይታይሽ ጎን ወንበር ስቤ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ደዋዩ ሲዘጋ እሰማለሁ፤ በእጄ መስመሩን እለቃለሁ። ለማታው ተረኛም አሠራሩን አሳየሁት። ጥሪ በሌለበት ጊዜ ጥራዜን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስለ ጸጥታ የሚናገረውን ክፍል በቁጥር ማንበብ ጀመርሁ።

«ጋሼ፣ ጸሎቱን ቀስ ይበሉ፤ ስልክ ላይ ነኝ» ትለኛለች።

«ለአንቺው ነው የምጸልየው።»

«ለእኔስ ሳጥኑን ያውጡልኝ።»

ሐሙስ ከምሳ በፊት ደረስሁበት። እስከዚያ አንድ አምስት ጊዜ ያለፍሁት ቃል ነበር፤ በቁጥር ባላነብ ስድስተኛም አልፈው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ በኮምፒውተር ውስጥ የቁጥር ሰልፍ ነው፤ ከዜሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዜሮ ወደ ታች ይወርዳል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ትንሽ ቁጥር የሚቀመጥበትን ዕቃ «ቻር» ይለዋል። ያ ዕቃ ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር ይያዝ ወይስ አይያዝ፣ ቋንቋው አልወሰነም፤ ለማሽኑ ትቶታል። ጸሐፊዎቹ የተጠቀሙባቸው ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች ይይዛሉ። የእኛ ትንሿ ግን አትይዝም።

ለማረጋገጥ ሰው የሌለበትን መስመር ሽውታ ቀድቼ በላፕቶፔና በትንሿ ኮምፒውተር አሳለፍሁት፤ የወጣውንም ቁጥር ጎን ለጎን አተምሁት። የእኔ ላፕቶፕ «ዜሮ፣ አንድ፣ ከዜሮ በታች አንድ፣ ዜሮ፣ ከዜሮ በታች ሁለት» ይላል። ትንሿ ደግሞ «ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት፣ ዜሮ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አራት» ትላለች። ከዜሮ በታች ያለው ሁሉ ጠፍቶ ትልቅ ቁጥር ሆኗል። ባዶው መስመር ለእሷ እንደ ጩኸት ነው። ለዚህ ነው የያዘችውን የማትለቀው።

ጥገናው አንድ ቃል ነበር። ከ«ቻር» ፊት፣ ከዜሮ በታችም እንዲይዝ የሚያዘውን ቃል ጻፍሁ። በዚያ ክፍል ሦስት ቦታ ነበር፤ ሦስቱንም አረምሁ። የጸጥታውን ልክ ወደ ቀድሞው መለስሁ። ፕሮግራሙን እንደገና አጠናቅሬ ጫንሁት።

ዓርብ ጠዋት አቶ ደሴ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። እናኑ ከቀበሌዋ እንድትደውልና «እህ» ብቻ እንድትል ነገርናት። ሲስተር ይታይሽ ስልኩን አንስታ መናገር ጀመረች፤ ለሙከራ የሚነገር ነገር ስላጣች ያለፈው ወር ሪፖርት ዘገየ ብላ ተቆጣቻት። አንድ ደቂቃ ሞላ። እናኑ አየር ትስባለች። ሁለት ደቂቃ ሞላ። አቶ ደሴ አንዴ ሰዓቱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ሲስተር ነገር አልቆባት ዝም አለች። ያን ጊዜ ከወዲያ በኩል፣

«ሲስተር፣ ሪፖርቱን እኮ ልኬዋለሁ! ለሙከራው ብዬ ነው የቻልሁሽ» አለች እናኑ።

አቶ ደሴ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ከዚያ እናኑ ዘጋች። ሁላችንም መስመሩ መያዙን የምታሳየውን መብራት ማየት ጀመርን። አምስት ሰከንድ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ሃያ ሲሞላ ትንሿ ኮምፒውተር መስመሩን ራሷ ለቀቀች። አራቱን መስመሮች አንድ በአንድ እንዲሁ ሞከርን፤ አራቱም ለቀቁ።

አቶ ደሴ ሰዓታቸውን መልሰው አሰሩና «ሞባይሏን ለሹፌሩ ስጡት» ብለው ወጡ። ምስጋናቸው ያችው ነበረች፤ በቂዬ ነው።

እርማቱን ለፕሮግራሙ ጠባቂዎች ላክሁ። የማላውቀው አገር የሚኖር፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ ሰው «በእኛ ማሽን ላይ አይታይም» ብሎ መለሰልኝ። «የእናንተ ማሽን የእኔ አይደለም» ብዬ ጻፍሁለትና ሁለቱን የቁጥር ሰልፎች አያያዝሁ። እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ሰባራ አልነበሩም። በሦስተኛው ቀን ተቀበለው። ስሜን እንዴት ብሎ እንዲጽፍ ጠየቀኝ፤ «አንተነህ፣ ደብረ ማርቆስ» አልሁት። ሌሎቹንም ክፍሎች እንዳይለት ለመነኝ። አየሁለት።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህ ነው። በአንድ ማሽን ላይ የሠራ ፕሮግራም ሠራ አይባልም፤ ሌላ ማሽን ላይ ሲደግመው ነው። ልክ መግፋት ጥገና አይደለም።

የሠራሁት ይኸው፦ ከጉድጓድ ቆፋሪነት ተነስቼ ቴክኒሻን ሆንሁ። በጡረታ ዘመኔ ያለ አስተማሪ የፕሮግራም ቋንቋ ተማርሁ። «ቻር» የሚለውን ቃል በአሥራ አንድ ቦታ አረምሁ፤ ሦስቱ ለእኛ፣ ስምንቱ ለማላውቃቸው ሰዎች። በትንሽ ማሽን ላይ አልሠራ ያሉ ሁለት ክፍሎች እንዲሠሩ አደረግሁ። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ተሳሳትሁ፤ በሁለት ቀን አረምሁት። አራቱ መስመሮች ሰው ሲሄድ ይለቃሉ፣ ሰው እያለ አይቆርጡም። ሲስተር ይታይሽም የጀመረችውን ትጨርሳለች።