ያልጠየቀው ይቅርታ

ባለቤቴ የታሰረው ጋዜጣ ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ ነው። በንጉሡ ዘመን የካ፣ ከሚካኤል በላይ እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በደጃችን ያልፋሉ። የባሕር ዛፉ ደን የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ነው። ዘበኞቻቸው ሴቶቹን እየደበደቡ፣ ከመሬት የለቀሙትን ጭራሮና ቅጠል ሳይቀር ይነጥቋቸው ነበር። ባለቤቴ ሴቶቹን ጠይቆ ይህንኑ ጻፈ። ሳንሱሩም አንብቦ፣ ማኅተም መትቶ አሳለፈው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ራሳቸው “ይውጣ” ያሉትን ጽሑፍ፣ ራሳቸው “ለምን ወጣ?” ብለው ሰው ያስራሉ?

ስንቅ ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ስመላለስ ክሱን የሚነግረኝ ጠፋ። ዘቡ “አለቃ ይምጣ” ይለኛል፤ አለቃው “ከበላይ ነው” ብሎ ፊቱን ያዞራል። ጎረቤቶቼ ደግሞ “ምን አጥፍቶ ነው?” ይሉኛል። “ጽፎ” ስላቸው፣ “እሱስ ይሁን፤ ምን አጥፍቶ ነው?” ብለው መልሰው ይጠይቁኛል። ማበድ ነው የቀረኝ።

ስንቁን ሳቀብለው ባለቤቴ የሚለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ዳኛ ፊት ያቅርቡኝ። ዋሽቼ ከሆነ ይፍረዱብኝ። ማንም ይቅርታ እንዳይጠይቅልኝ፣ አደራሽን።”

አባቴ ግን የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰበሰቡ።

“አባባ፣ እሱ አልፈለገም እኮ” አልኳቸው።

“እስረኛ ደግሞ ምን ፍላጎት አለው? ባልሽን ላስፈታልሽ ነው፤ ዝም በይ!”

ድንጋይ ተሸክመው ባለሥልጣኑ እግር ላይ ወደቁ። ጌታውም ማሩት፤ ይመስገኑ! ባለቤቴን ከጣቢያ በቀጥታ ወደ ግቢያቸው ወሰዱት። “ጥፋቴ ምንድን ነው?” ሊል አፉን ሲከፍት አባቴ ቀደሙት።

“በድሏል፣ ጌታዬ። ልጅነት ነው።”

ልጅ የተባለው ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ጉልበት አሳሙትና ወደ ቤት አመጡት።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። “እንኳን ለቤትህ አበቃህ” የማይል አልነበረም። እኔ በንዴት እየነደድኩ ጠላ እቀዳ ነበር። አባቴን ልቆጣ አልችል፤ ደስታቸው የእውነት ነበር። ባለቤቴም ተነሥቶ “እግዜር ይስጥልኝ” አላቸው። ሌላ ምን ይበል?

በማግስቱ ጠዋት ደጃፋችን ላይ ቆመን ሳለ፣ ለጽሑፉ ነገሩን ከነገሩት ሴቶች አንዷ ብቻዋን መጣች። እንጨት አልያዘችም፤ ሻሿ ደም ነክቶታል።

“ዛሬም መቷችሁ?” አላት።

“መቱን እንጂ። ዘበኞቹ ‘ጋዜጠኛችሁ ውሸቴን ነው ብሎ ጌታችን እግር ላይ ወደቀ’ አሉን። እውነት ነው፣ ጌታዬ?”

ባለቤቴ ዳኛ ፊት የሚናገረውን ሁሉ ታስሮ ሳለ አዘጋጅቶ ነበር። ለእሷ ግን “ጉልበታቸውንስ ስሜያለሁ” ብቻ አላት።