ሥራው ያልታወቀው የእርሾ ዘረመል

ሰቆጣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ክረምት ክረምት ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ዩኒቨርሲቲ እወርዳለሁ። ለጥናት የደረሰኝ ሥራው ያልታወቀ አንድ የእርሾ ዘረመል ነበር። ሥራውን ለማወቅ ዘረመሉን ከእርሾው ቆርጦ ማውጣትና ምን እንደሚጎድለው ማየት ነው። ቆርጬ አወጣሁት። ምንም አልጎደለውም። ሙቀት ጨመርኩበት፣ ጨው ጨመርኩበት፤ እርሾው እቴ፣ ይፋፋል። በንዴት ዘረመሉን "ደመወዝተኛው" ብዬ ስም አወጣሁለት። ጠዋት ፈርሞ የሚገባ፣ ቢቀር ግን ማንም ልብ የማይለው ሠራተኛ አይጠፋም መቼም። አማካሪዬ በሚቀጥለው ክረምት ፍንጭ ካላገኘሁ ርዕስ ቀይሬ ከዜሮ እንደምጀምር ነገሩኝ።

ሰቆጣ ስመለስ ጭንቀቴን ለአከራዬ አወራኋቸው። ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ሲቆጡ በኽምጣና፣ ሲቀልዱ በአማርኛ ነው።

"ምን ታበይዋለሽ?" አሉኝ።

"ስኳር ነው እትዬ። በየቀኑ ምግቡን እቀይርለታለሁ።"

"የጠገበውን ስትጠይቂ ከርመሽ ምን ሊነግርሽ ኖሯል?"

ከመደርደሪያ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወረዱ። ከጥሩ ጠላ የተረፈ ድፍድፍ አስጥተው ማስቀመጥ ልማዳቸው ነው።

"ይኼ ካምና ጀምሮ ውሃ አላየም። ጥንስስ ላይ ስጨምረው ይነሳል። አንዳንዱ ግን ደርቆ በዚያው ይቀራል። ለምን እንደሁ እንጃ።"

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ይህን ያህል ተምሬ አንድ ቀን እንኳ ማድረቅ አልታየኝም።

ክረምት ሲደርስ ያልተነካውንም፣ ዘረመሉ የወጣለትንም እርሾ አደረቅሁ። ሳምንታት ቆይቼ ውሃ ሰጠኋቸው። ዘረመሉ ያለው ነቃ፤ የሌለው አብዛኛው በዚያው ቀረ። ላብራቶሪው ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ፤ ደመወዝተኛውንም ይቅርታ ጠየቅሁት። አማካሪዬ ግን "ድርቀት ያሻግራል" ብዬ የጻፍኩትን ሰርዘው "ምናልባት" አስጨመሩኝ።

ተመልሼ ለአከራዬ ነገርኳቸው።

"ለአንድ ምናልባት ነው ይኼ ሁሉ ዓመት?" ብለው ሳቁብኝ።

"ድርቅ ሲመጣ ነው ሥራው እትዬ። ዝናብ እስኪመለስ በሕይወት የሚያቆያቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

ድርቅ ስል ሳቃቸውን አቆሙ። ተነሥተው ቋጠሮውን አወረዱና በሁለት እጃቸው ያዙት።

"የእኔዎቹስ አላቸው?"

አልመረመርኳቸውም ነበር።

"አላቸው" አልኳቸው። ምናልባት አላልኩም።