የአባቴ መርከብ የመጨረሻ ጉዞ

ይህ መጻፍ የሚገባው ታሪክ መሆኑን እጠራጠራለሁ። የብዙ ሰው አባት በጦርነት ጠፍቷል፤ የእኔን የሚለየው ምናልባት ከነመርከቡ መጥፋቱ ብቻ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ የታሪክ መምህራችን ከቤተሰባችን ታሪክ አንዱን እንድንጽፍ አዘዘችን። አባቴ ያገለገለባትን የጦር መርከብ መረጥኩ። ምጽዋ ከተያዘች ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እናቴ ግን ብዙ መርከበኞች ወደ የመን መሻገራቸውን ሰምታ ስለነበር “የመን ነው” ትል ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ቴምፕል በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀድማ የምታነሳው እሷ ነበረች።

በዚያ ሰሞን የነዳጅ ማውጫ ሥራ ከቶሮንቶ ወደ ከተማችን ያመጣቸው አንድ ሰው በዚያችው መርከብ እንዳገለገሉ ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ። ጋሼ ብዬ እንዲያወሩልን ለመንኳቸው፤ እሑድ ከሰዓት ቤታችን መጡ። መርከቧ የስንቅ መርከቦችን እያጀበች ከአሰብ ምጽዋ እንዴት ትመላለስ እንደነበር፣ አባቴም መድፉን ሲወለውል እንዴት ያንጎራጉር እንደነበር አወሩልን። እናቴ ሳቀች። የምጽዋ መከበብ ላይ ሲደርሱ ግን የሥራ ሽፍት አለብኝ ብለው ተነሱ።

በሚቀጥለው እሑድም እዚያው ላይ ሲደርሱ ተነሱ።

“ዛሬም ባሕር መሀል ጥለውን ሊሄዱ ነው?” አለቻቸው እናቴ፣ እንደ ቀልድ።

አልሳቁም። የጫማቸው ክር አልታሰር አላቸው።

“ከዚያስ?” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“ቀሪው በሌላ ቀን ይሁን፣ እህቴ።”

መኪናቸው ድረስ ስሸኛቸው የእናቴ የቅርብ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ለጽሑፌ ተጨማሪ ምስክር ሊፈልጉልኝ መስሎኝ የሁሉንም ስልክ በደስታ ሰጠኋቸው። ያደግኩት እዚህ ነው፤ መርዶ በእሑድ ከሰዓት ወሬ መሀል እንደማይነገር አላውቅም ነበር።

ከቀናት በኋላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቤታችን ፊት ለፊት መኪኖች ተራ በተራ ፓርክ ሲያደርጉ ሰማሁ። በመስኮት ሳይ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ጋሼ ከቄሱ ጎን ቆመዋል። ልከፍት ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

“አትክፈት” አለች። “ካልከፈትን አልነገሩንም።”

በሩ ተንኳኳ። ማንም አልተጣራም፤ ማንም አልተመለሰም። ጣቶቿ ከክንዴ ላይ ቀስ እያሉ ላሉ፤ ከፈትኩ።

ጋሼ ያቋረጡትን ቆመው ጨረሱ። መርከቧ ስትቃጠል አባቴ ከመድፉ አልተነሳም።

መርከቧ ከሰጠመች ብዙ ዓመት አልፏል። በእኛ ቤት ግን አገልግሎቷ ያበቃው በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው።