የተቃጠለ ዘይት

ውሻው ራሱን ማከክ የጀመረው ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ እየተጠማዘዘ ጅራቱ ሥር ይነክስ ነበር። ቀጥሎ የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ላይ ጸጉሩ እየሳሳ ሄደ። የካቲት ሲገባ ጎኑን በቆርቆሮው አጥር ሲፈትግ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የተማሪ ደብተር ሳርም ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

ቤቴ ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ውሻው የእሷ ነበር። ቀብሯ ዕለት የሄደው ሕዝብ ሁሉ ሲመለስ እሷን ያጣት ጊዜ፣ ደጃፏ ላይ ተኝቶ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። ሰዎች «ለውሻ ይህን ያህል?» ሲሉኝ እነዚያን ሦስት ቀናት አስባለሁ።

ከአጥሩ ማዶ ጡረታ የወጣ መካኒክ ይኖራል። ፊት ለፊት «አያ» እያልኩ አንቱ ብዬ ነው የማነጋግረው። እዚህ ስጽፍ ግን አንቱ ለማለት እጄ እንቢ ይለኛል። ግቢው ውስጥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጀሪካን ያጠራቅማል፤ የአጥር እንጨት ከምስጥ ይጠብቃል እያለ። ለፋሲካ ሦስት በጎችም ያደልብ ነበር።

እኔ ውሻውን በየቅዳሜው በልብስ ሳሙና ዱቄት አጥበው ነበር። ባጠብኩት ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ሳሙናውን እጨምራለሁ። አንድ ቀን ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣

«ቲቸር፣ ይሄ ውሻ እከክ ይዞታል። በጎቼን ሳይጨርስብኝ አስወግጅልኝ» አለኝ።

«አሳክመዋለሁ አያ።»

«ውሻ ይታከማል? ምነው፣ ሰው ታክሞ አለቀና ነው?»

በዚያው ሰሞን አክስቴ ስለሞተች ለለቅሶ ወደ አዲ አርቃይ መሄድ ነበረብኝ። ሌላ ሰው በቅርብ አልነበረኝምና የግቢዬን ቁልፍ ለእሱ ሰጥቼ ለውሻው ፍርፋሪ እንዲጥልለት ለመንኩት። «ምን ችግር አለ፣ ሂጂ፣ እግዜር ያጥናሽ» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ስመለስ ውሻው ሊቀበለኝ አልመጣም። ያገኘሁት ከውሃ ታንከሩ ሥር ነው። ቡላ የነበረው ውሻ ጥቁር ሆኗል። ከጆሮው እስከ ጅራቱ የጋራዥ ሽታ ይሸታል፤ ጸጉሩ ተጣብቆ ቆዳው ላይ ተለጥፏል። ራሱን እየላሰ ያስመልሰው ነበር፤ አጠገቡ ጥቁር አረፋ አለ። ስጠራው ጅራቱን አንዴ አነሳና መልሶ ጣለው። በዚያች ጸሐይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ብቅ አለ። ፈገግ ብሏል።

«እኔ ነኝ የቀባሁልሽ። ድሮም መድኃኒቱ ይሄው ነው። ወይ ይድናል፣ ወይ ይገላግልሻል።»

ዛሬም ቁጭ ብዬ ሳስበው የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው። ውስጤ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ውሻውን በእናቴ አሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ባጃጅ ለመንኩ። ሁለት ሾፌሮች ሽታውን ሲሰሙ ጥለውኝ ሄዱ፤ ሦስተኛው ጫነን።

በእንስሳት ክሊኒኩ የተቀበለችኝ ሐኪም የድሮ ተማሪዬ ነበረች። ስታየኝ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ፤ ጋቢውን ስትገልጠው ግን ፊቷ ተለወጠ። መጀመሪያ ዘይቱ መውጣት አለበት አለች። በምግብ ዘይት ቀስ እያለች አሸችው፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ደጋግማ አጠበችው። ጥቁሩ ውሃ እየወረደ ሥሩ ያለው ቆዳ ሲታይ፣ ቀይ ሆኖ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ነበር። እኔ ጭንቅላቱን ይዤለታለሁ። በልቤ ግን እዚያ አልነበርኩም፤ ከአጥሩ ማዶ ነበርኩ።

ዘይቱ ያልደረሰበትን የሆዱን ጸጉር አበጠረችና በርበሬ የመሰለ ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ጥጥ ላይ ጣለች። ጥጡ ቀይ ሆነ።

«የቁንጫ ኩስ ነው ቲቸር። የጠጣው የውሻው ደም ነው።»

ከጆሮው ጠርዝም በምላጭ ፍቃ በማይክሮስኮፕ አየች፤ ዓይን የማያየው የእከክ ተባይም አለበት።

«በምን ነበር የሚያጥቡት?»

ነገርኳት።

«የልብስ ሳሙና ቆዳውን አድርቆታል» አለች፣ እንዳይከፋኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሚተኛውስ ምን ላይ ነው?»

«ጆንያ ላይ።»

«ታጥቦ ያውቃል?»

አያውቅም ነበር። ቁንጫ ብዙውን ጊዜ የሚራባው ውሻው ላይ ሳይሆን መኝታው ውስጥና የወለል ስንጥቅ ውስጥ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ጆንያውን እንዳቃጥል፣ አዲስ ጨርቅ አንጥፌ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እያጠብኩ ጸሐይ ላይ እንዳሰጣ፣ ጥጋጥጉን ሁሉ እንድጠርግ ነገረችኝ። መርፌ ወጋችው፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንዲደገም ቀጠሮ ሰጠችኝ።

«ሁሉም ማሳከክ ደግሞ ከተባይ አይደለም» አለች። «ምግብ የማይስማማው አለ፣ ፈንገስ የያዘው አለ። ሳይታይ ምንም ነገር አይቀባም። የተቃጠለ ዘይት መርዝ ነው፤ በቆዳው ይገባል፣ ሲልሰው ደግሞ ጉበቱ ይጎዳል።»

የእኔም ጥፋት እንዳለበት ገብቶኛል። ነገር ግን ያ ቂሜን አላቀለለውም፤ እንዲያውም የራሴንም ጥፋት ለእሱ አሸከምኩት።

ውሻው ዳነ። አንድ ወር ሙሉ አሮጌ ሹራብ አልብሼው፣ እንዳያክ ከጎኑ ቁጭ ብዬ፣ ሩዝና የተቀቀለ ሥጋ እያበላሁት ዳነ። በፆም ሥጋ ስቀቅል የሰፈር ሴቶች ምን እንዳሉኝ ይቅር። አዲሱ ጸጉሩ ሲወጣ እንደ ጫጩት ላባ ለስላሳ ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጎረቤቴን በየማለዳው «እንደምን አደሩ አያ» እለዋለሁ። እሱም ነገሩን የረሳሁት መስሎት ይመርቀኛል።

ሑዳዴ ሲጋመስ የእሱ በጎች ማከክ ጀመሩ። ጠጉራቸውን በአፋቸው እየነቀሉ፣ ጀርባቸውን ከቤቱ ግንብ ጋር ሲያሹ በቆርቆሮው ቀዳዳ አየሁ። ቀዳዳው ጋ ብዙ ጊዜ ቆምኩ። እሱ እስኪጠይቀኝ ጠበቅኩ። አልዘገየም።

«ቲቸር፣ ለዚያ ውሻ ምን ነበር ያደረግሽለት? ሸጋ ሆነ እኮ!»

ስለማመደው የከረምኩት መልስ ነበረኝ።

«እርስዎ የቀቡት ዘይት ነዋ ያዳነው። እኔማ ደግሜ ቀባሁት እንጂ ሌላ ምን አደረግኩ?»

ፊቱ በራ። «አላልኩሽም? አላልኩሽም?» እያለ ወደ ጀሪካኑ ሄደ። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ሻይ አፈላሁ። የደስታዬን ያህል ሻዩም ጣፈጠኝ፤ ይህን አልደብቅም።

በማግሥቱ በጎቹ ሲጮኹ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ድምፃቸው ቀነሰ። በቀዳዳው ሳይ አንዷ በግ አንገቷን ዘርግታ ተኝታለች፤ ሁለቱ በጉልበታቸው ተንበርክከው እንደ ውሻዬ ይንቀጠቀጣሉ። ያን መንቀጥቀጥ አውቀዋለሁ፤ በክንዴ አቅፌው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ለሰውዬው አላዘንኩም። ነገር ግን ስልኬን አንስቼ ሐኪሟን ጠራኋት።

ስትመጣ ሰፈሩ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። አንዷ በግ ሞታለች። ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ ሁለቱን ማጠብ ጀመረች።

«ማን ነው ይህን የቀባው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አለ። «ከሷ ውሻ ተጋብቶባቸው…»

«የበግ እከክ የራሱ ነው አባቴ፣ ከውሻ አልመጣም። ግን ዘይት እንዲቀቧቸው ማን ነገረዎት?»

እጁን ወደ እኔ ቀሰረ። «ቲቸር ናታ! ውሻዋ በዚህ እንደዳነ በገዛ አፏ ነግራኝ።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ሰዉ ሁሉ አየኝ። መካድ እችል ነበር፤ ከእኔና ከእሱ ማን እንደሚታመንም አውቃለሁ።

«አዎ» አልኩ። «ብዬዋለሁ። የኔን ውሻ ምን እንዳደረገው እሱም እንዲያይ ብዬ።»

ጎረቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያን ፊቱን ለማየት ስንት ቀን ጠብቄ ነበር፤ አየሁት፣ ጠገብኩትም። ሐኪሟ ግን ወደ በጎቹ ዞራ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እነዚህስ ምን አደረጉዎት?» አለችኝ። ባልዲ አንስቼ ውሃ ማመላለስ ጀመርኩ። እስኪመሽ እሱ በጎቹን ያዘ፣ እኔ ውሃ አቀበልኩ።

ሁለቱ በጎች ተረፉ። ነገር ግን ሐኪሟ ለእከካቸው መርፌ ወግታቸው ነበር፤ መድኃኒት የተወጋ በግ ቀኑ ሳይሞላ አይበላምና ለፋሲካ አልታረዱም። የጎረቤቴ ልጆች ከጠዳ ድረስ መጥተው ዶሮ በልተው ተመለሱ። ይህን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼ ደስ ብሎኛል። የሞተችው በግ ትዝ ስትለኝ ደግሞ ያ ደስታ ያሳፍረኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ከበዓሉ በኋላ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ስለ በጓ ትሰግጃለሽ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ከሰውየው ደግሞ ትታረቂያለሽ» አሉኝ።

በዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለበት እስኪያልፍ ጠብቄ ስግደቱን አንድም ሳላጓድል ፈጸምኩ። ጎረቤቴ አሁንም ከአጥሩ ማዶ አለ፤ ሲያስለው ይሰማኛል። በሩ ከበሬ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እስካሁን አልሄድኩም።