በአማቴ እግር የተፈለፈሉ እንቁላሎች

ሐኪሙ «ተኚ» ሲለኝ ለስንት ቀን እንደሆነ ጠየቅኩት። «እስክትወልጂ» አለኝ። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ ስለነበር አልተከራከርኩም። ግን እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ሚዛን ከተማ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር በአንድ ክፍለ ጊዜ ክፍሉን ስንቴ እንደምዞር ተማሪዎቼ ይቆጥሩብኝ ነበር። አሁን የጣሪያውን ቆርቆሮ ምስማር የምቆጥረው እኔ ሆንኩ።

የቀረኝ ጌሙ ብቻ ነበር። ከተማሪነቴ ጀምሮ በስልኬ የምጫወተው፣ ልዩ ልዩ አውሬዎች እየያዙ የሚያሳድጉበት፣ የሚያዋጉበትና የሚያዳቅሉበት ጌም ነው። ባለቤቴ «ባዮሎጂ አስተማሪ ሆነሽ ክንፍ ካለው ዓሣ ጋር ትውያለሽ» እያለ ያሾፍብኛል። እሱ የሚያውቀው ማዋጋቱን ነው፤ እኔ የምወደው ማዳቀሉን ነው። ከጫካ የተያዘ አውሬ እንደተገኘ ነው፤ ፈሪ ከሆነ ፈሪ፣ ሰነፍ ከሆነ ሰነፍ። ተዳቅሎ በእንቁላል የተገኘው ግን ከእናቱ ጥንካሬን፣ ከአባቱ ፍጥነትን ወርሶ፣ ወላጆቹ በስንት ውጊያ የተማሩትን ገና ከእንቁላሉ ሲወጣ ያውቀዋል። ስለ ዘር ውርስ ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ በዚህ ባስረዳ ይቀለኝ ነበር።

ለማንም ያልነገርኩት ጥቅም ግን ሌላ ነው። እዚያ እንቁላል አይሰበርም። ዓመት ብታቆዪው ይጠብቅሻል። ደም የለም፣ «እግዜር ያውቃል» ብሎ እጅሽን የሚይዝ ጎረቤት የለም። መራመድ ብቻ ነው፤ ስልኩን ይዘሽ ስትሄጂ እርምጃሽ ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ሲሞላ ይፈለፈላል። ሁለተኛው ፅንስ ከወረደብኝ በኋላ ከሚዛን ጎረቤቷ ከተማ አማን፣ ከአማን ሚዛን በእግሬ እየተመላለስኩ ስንቱን እንዳስፈለፈልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ስፖርት የምሠራ ይመስለው ነበር።

ሐኪሙ ሲያስተኛኝ ሁለት እንቁላል ሳይፈለፈል ቀርቶብኝ ነበር። ባለቤቴ ሊያጽናናኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። «የኔ እንቁላል የሚሄደው በሰው እግር ነው» ብዬ ጮህኩበት። ምንም አላጠፋም፤ ተኝቶ የሚውል ሰው ግን የሚጮህበት ሰው ይፈልጋል። በማግስቱ ስልኬን ኪሱ ከትቶ ወጣና ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። አማን ደርሶ መጥቷል፣ በባጃጅ። ጌሙ የሚቆጥረው እርምጃ እንጂ ጎማ አይደለም ስለው «ታዲያ ያ ሁሉ መንገድ ያንገጫገጨኝ በከንቱ ነው?» አለ። ሳቅኩ። ወዲያው ሳቁ ሆዴን ይጎዳው ይሆን ብዬ ፈራሁና አቆምኩ።

በሳምንቱ አማቴ ከጌጫ መጡ። የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ስድስት ልጅ ያሳደጉ፣ ዛሬም ጎደሬ ተሸክመው ከገበያ የሚመለሱ ሴት ናቸው። ልጅ ዘገየ ብለው አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም፤ ሰላም ሲሉኝ ግን ዓይናቸው ወገቤ ላይ ያርፋል። አማርኛን የተማሩት ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ስለሆነ ቃል አያባክኑም። በእኩለ ቀን አልጋ ላይ ተኝቼ ሲያገኙኝ ልነሳ ሞከርኩ። «ተኚ» አሉኝ። እኔ የሰማሁት «ሰነፍ» ብለውኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ላይ ምን እንደማይ ጠየቁኝ። እያፈርኩ ነገርኳቸው።

«ሰው ከሄደ ይወጣል?»

«ይወጣል እማማ።»

«አይሞትም?»

«አይሞትም።»

እጃቸውን ዘረጉ። ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው መቀነታቸው ውስጥ አሰሩና ገበያ ሄዱ። ጎደሬና ኮረሪማ ይዘው፣ ቀሚሳቸው ጭቃ ነክቶት ሲመለሱ አንዱ እንቁላል ተፈልፍሎ ነበር። ጆሮው ቅጠል የመሰለውን ግልገል ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «እናቱን ይመስላል?» አሉ። ቀለሙ የእናቱ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ እያዳቀልኩ አዲስ እንቁላል ስጨምር፣ እሳቸው በየማለዳው ቁርስ ሲያበቃ «ስጪኝ» ይሉኝ ጀመር።

ስድስተኛው ወር ላይ አንድ ጠዋት ደም አየሁ። ትንሽ ናት፣ ግን አውቃታለሁ። ባለቤቴ ሥራ ነው። ልደውል እጄን ትራሱ ስር ሰደድኩ፤ ስልኩ የለም፣ በአማቴ ወገብ ላይ ታስሮ እየዞረ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ብጣራ ጎረቤት አይሰማኝም። መነሳት አልችልም፣ አለመነሳትም አልችልም። እንቁላሎቼን ረገምኳቸው። የማይሰበረውን ስቆጥር የሚሰበረውን ልጥለው ነው አልኩ።

አማቴ በሩን ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ስልኩን ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝና መኪና ፍለጋ ዝናቡ ውስጥ ሮጡ። ሐኪም ቤት የፅንሱን የልብ ምት አሰሙን። አለ፣ ይመታል። ደውዬ የጠራሁት ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

በማግስቱ እንደ ልማዳቸው «ስጪኝ» ሲሉ አልሰጥም አልኩ። «እርስዎ ጭቃ ለጭቃ ይዞራሉ፣ እኔ እዚህ እጋደማለሁ። ምን ዓይነት ምራት አገኙ?» ብዬ አለቀስኩ። ሁለት ወር የያዝኩት ነገር ነው የወጣው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔ ከሆዴ ሦስት ጠፍቶብኛል» አሉ። «ቡና ተሸክሜ። ውሃ ተሸክሜ። ተኚ ያለኝ ሰው የለም።» መቀነታቸውን አጠበቁ። «አንቺ ተኚ። እኔ እሄዳለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤቴ የራሱን ስልክ ለእኔ እየተወ ይወጣ ጀመር፤ የእኔው በአማቴ መቀነት መዞሩን ቀጠለ።

ልጄ ወሯን ጨርሳ ተወለደች። አሁን ድክ ድክ እያለች ነው፤ አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምትፈልገው በሩን ነው። ባለቤቴ «ይሄስ ያንቺ ውርስ ነው» ይላል። እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ ልክ ነው እለዋለሁ። ግን እሷ ሆዴ ውስጥ ሳለች እኔ ተኝቼ ነበር፤ ሲሄዱ የነበሩት አማቴ ናቸው።